በመስቀል ሰሞን ረፋድ ላይ ዲሹ ለምን «ሲግናል የለም» ይላል?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለ 90 ሴንቲሜትር ሁለት ዲሽ አለን፤ አንዱ ወደ ኢትዮሳት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ናይልሳት። ከደመራ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ረፋድ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል የኢትዮሳቱ ሥዕል እየተቆራረጠ ይጠፋል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋስም የለም። የጎረቤትም እንደኛው ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ናይልሳቱ ያንኑ ያደርጋል። ባለሙያ ጠርተን ኤልኤንቢ ቀየረ፤ በማግስቱ ደገመው። ኬብል ቀየረ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተወው። አሁን ደህና ነው። ችግሩ ምን ነበር? ተመልሶ ይመጣ ይሆን?»

ምላሽ፦

ሥዕሉን ያጠፋችው ፀሐይ ናት። የተነሣው ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰረው ምልክት ተቀባይ) ጤነኛ ነበር፣ ኬብሉም እንዲሁ፤ ካልጣሏቸው ያስቀምጧቸው፣ መለዋወጫ ይሆናሉ። በእነዚያ ቀናት ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለሚያይ ፀሐይ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ዲሹ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል፤ እሷ በሬድዮ ሞገድ የምትለቀው ጩኸት ከሳተላይቱ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ በመስከረም አጋማሽ፣ ሌላው በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት። ስለዚህ አዎ፣ ይመለሳል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከወዲሁ መናገር ይቻላል።

ባለሙያው ያልተሳካለት መጀመሪያ፣ የተሳካለት የመሰለውም መጨረሻ ላይ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ይህ ነገር አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ በራሱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በመጨረሻ የተነካው ዕቃ «መድኃኒቱ» ይመስላል። ኬብሉ ቀድሞ ተቀይሮ ኤልኤንቢው ቢከተል ኖሮ ምስጋናውን ኤልኤንቢው ይወስደው ነበር። በመስከረም ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት በዚህ መንገድ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ከየጣሪያው ይወርዳል።

አሁን ወደ ሰማዩ። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር የሚፈጀው 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። አብረው ስለሚዞሩ ከታች ለሚያይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ዲሽ አንዴ ተስተካክሎ በቦሎን የሚታሰረውም ለዚህ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ከፈረንሳይ ጊያና በአሪያን 5 ሮኬት የመጠቀ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ እሱ ያለው ቀጥታ ርቀት 36,200 ኪሎሜትር ግድም ነው፤ ምልክቱ ያንን መንገድ በ0.12 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው ኢትዮጵያ ካመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 ጋር ያምታታዋል። እሷ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀች፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመሬት ምስል አንሺ ናት፤ ዝቅ ብላ ምድርን ትዞራለች እንጂ አንድ ቦታ አትቆምም፣ ቴሌቪዥንም አታሰራጭም።

ሳተላይቱ ያለው ከወገብ በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከወገብ ወደ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ እኛ የምናየው ትንሽ ወደ ደቡብ አጋድሎ ነው፤ ሒሳቡ ሲሠራ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) 1.7 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ይታያል። ፀሐይ የሰማይን ወገብ የምታቋርጠው መስከረም 12 ወይም 13 እና መጋቢት 11 ገደማ ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ቀናት ናቸው። በዚያ ሰሞን በየቀኑ 0.4 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። በመስከረም ወደ ደቡብ ስለምትወርድ 1.7 ዲግሪውን ለመድረስ አራት ቀን ከምናምን ይፈጅባታል፤ መስከረም 16 ወይም 17 ላይ ታርፋለች፣ የደመራና የመስቀል ቀን። በመጋቢት ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለምትመጣ እኩሌታው ከመድረሱ አራት ቀን አስቀድማ፣ መጋቢት 6 ወይም 7 ታልፍበታለች። ከበዓሉ ጋር መግጠሙ የሰሜን ሸዋና የአካባቢዋ ዕድል ነው። ካይሮ ያለ ተመልካች ይህንኑ የሚያየው ከመስቀል ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ወደ ሰሜን በራቁ ቁጥር የመስከረሙ ይዘገያል፣ የመጋቢቱ ይቀድማል።

ሰዓቱስ? ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ በመስቀል ቀን መካከለኛው ቅጽበት ረፋድ 4፡51 ነው፤ ስልክዎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 10፡51 ይላል። በመጋቢት 7 ደግሞ 5፡09። ለናይልሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ በመስቀል ከሰዓት 9፡47፣ በመጋቢት 10፡05 ገደማ። የመስከረሙና የመጋቢቱ ሰዓት በ18 ደቂቃ የሚለያየው ፀሐይ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል ስለማትሄድ ነው፤ የምድር ምህዋር ሞላላ መሆኑና ዛቢያዋ ማጋደሉ እኩለ ቀንን በየወቅቱ ወዲያና ወዲህ ያደርጉታል። ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ፀሐይ ትቀድማለች፤ ነገር ግን ሳተላይቱም ወደ እኩለ ቀን መስመር ይጠጋል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። እንግዲህ ጎረቤትዎ በዚያው ደቂቃ መቸገሩ የሚጠበቅ ነው፤ መንዝ ያለው ዘመድዎም እንዲሁ ተቸግሯል።

በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ግን ጎረቤቱ ሳይሆን ናይልሳቱ ነበር። ሁለት ዲሽ፣ ሁለት ኤልኤንቢ፣ ሁለት ኬብል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንዱ ረፋድ ሌላው ከሰዓት፣ እያንዳንዳቸው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ሊበላሹ አይችሉም። ምሥራቅ የሚያየው በጠዋቷ ፀሐይ፣ ምዕራብ የሚያየው በከሰዓቷ ፀሐይ ተመታ።

ወደ ጩኸቱ እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። ሳተላይቱ ለአንድ ትራንስፖንደር (ቻናሎችን ተቀብሎ ወደ ምድር ለሚመልሰው ክፍሉ) የሚያወጣው ኃይል በመቶ ዋት ግድም የሚቆጠር ነው፤ ያ ኃይል በአንድ ሰፊ የምድር ክፍል ላይ ተበትኖ ነው ከእርስዎ ጣሪያ የሚደርሰው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ትርቃለች፣ ከሳተላይቱ ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ። ሆኖም ዲሹ በሚሠራበት የ11 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ10,000 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) በላይ እንደጋለ አካል ታበራለች። በአዘቦቱ ቀን ዲሹ የሚያየው ባዶ ሰማይ ቀዝቃዛ ነው፤ ኤልኤንቢው ራሱ የሚያመነጨው ጫጫታ ተጨምሮበት በድምሩ 100 ኬልቪን ያህል ይሆናል። ባለ 90 ሴንቲሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ክብ 2.1 ዲግሪ ስፋት አለው፤ ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሆነች የክቡን አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የምትይዘው። ግን ይበቃል። ጫጫታው ወደ አራትና አምስት እጥፍ ይዘላል። ሳተላይቱ ሹክሹክታውን አልቀነሰም፤ ሹክሹክታው የደመራ ሆታ መካከል ገባ እንጂ።

ይህን ልብ ማለት ለምርመራው ይጠቅማል። ሪሲቨርዎ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፣ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። ስትሬንግዝ የሚለካው በኬብሉ የሚመጣውን ጠቅላላ ጉልበት ነው፤ ሳተላይት ይሁን ፀሐይ አይለይም። ኳሊቲ የሚለካው ምልክቱ ከጫጫታው በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ፀሐይ ስታልፍ ስትሬንግዝ ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይጨምራል፣ ኳሊቲ ግን ይወርዳል። ይህ የፀሐይ ፊርማ ነው፤ ሌላ ብልሽት እንዲህ የሚፈርመው እምብዛም ነው። ኬብል ሲላቀቅ ወይም ኤልኤንቢ ሲሞት ሁለቱም ይወድቃሉ። ዝናብ ሲበረታ ኳሊቲው በፍጥነት፣ ስትሬንግዙ ደግሞ በመጠኑ ይቀንሳሉ፣ ደመናውም ይታያል። ዲሹ በነፋስ ሲነቃነቅ ኳሊቲው በየሴኮንዱ ይዘላል። አስተላላፊዎች ዲጂታል ስለሆኑ ሥዕሉ ቀስ እያለ አይበላሽም፤ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ምንም እንዳልሆነ ይቆይና ከዚያ በኋላ በሳጥን በሳጥን ተቆራርጦ ቀጥ ይላል። በአናሎግ ዘመን ቢሆን ነጭ ነጠብጣብ እየወረደ ፀሐይ ስትቃረብና ስትርቅ ማየት ይቻል ነበር።

ሰማዩ ቢደመንም አይቀርም፤ ተራ ደመና የፀሐይን ብርሃን እንጂ የሬድዮ ጩኸቷን አይከልልም። «ዛሬ ፀሐይ የለችም፣ ለምን ጠፋ?» የሚል ሰው ካጋጠምዎ መልሱ ይኸው ነው።

የፀሐይ ጩኸት የተገኘውም በእንዲህ ያለ ግራ መጋባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የካቲት የእንግሊዝ ጦር ራዳሮች በድንገት ታፈኑ፤ የጀርመን ሥራ ነው ተባለ። ጉዳዩን የመረመረው ጄምስ ስታንሊ ሄይ አፈናው የሚመጣበት አቅጣጫ ፀሐይን እየተከተለ እንደሚዞር አስተዋለ። ከዚያም በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኒው ጀርዚ ውስጥ ለሳተላይት ግንኙነት የተሠራ ትልቅ አንቴና ይዘው ከየትኛውም አቅጣጫ የማይጠፋ ቀጭን ጫጫታ አስቸገራቸው። ዕቃ ፈቱ፣ ገጠሙ፣ አንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን እርግቦች አስወጡ፣ ኩሳቸውን ጠረጉ፤ ጫጫታው አልሄደም። ጽንፈ ዓለም ከተጀመረበት ከታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) ዘመን የቀረው የጠፈር ሙቀት፣ ዛሬ 2.7 ኬልቪን ተብሎ የሚለካው፣ እሱ ነበር፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አሰጣቸው። እነሱም እንደ ደብረ ብርሃኑ ባለሙያ ዕቃውን ነው መጀመሪያ የጠረጠሩት፤ ጥርጣሬው አያሳፍርም። የእርስዎ ዲሽም በየደቂቃው ያችን 2.7 ኬልቪን ይሰበስባል፤ ከመቶው ኬልቪን ውስጥ ተደብቃ ስለምትቀር አትታወቅም እንጂ።

የመቋረጡ ርዝመት በዲሹ ስፋት ይወሰናል፤ እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገምተው የተገላቢጦሹን ነው። ትልቅ ዲሽ ጠባብ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ፀሐይ ቶሎ ገብታ ቶሎ ትወጣለች፣ ግን ክቡን ይበልጥ ስለምትሞላው ጉዳቱ ይከብዳል። ባለ 90 ሴንቲሜትር በከፋው ቀን እስከ 10 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 6 ወይም 7 ቀን ይነካዋል። ባለ 60 ሴንቲሜትር የሚያየው ክብ 3 ዲግሪ ስለሆነ እስከ 14 ደቂቃና 9 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ሆኖም የጫጫታው ጭማሪ ለስላሳ ነው፣ ምልክቱ ጠንካራ የሆነ ቻናል ሳይቆራረጥ ሊያልፍ ይችላል። የአራት ሜትር ተኩል ዲሽ ያለው ጣቢያ ሁለት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ደቂቃ ነው የሚያጣው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ያጣል። ስለዚህ «ትልቅ ዲሽ ግዙ፣ ይቀራል» የሚል ምክር ለዝናብ ይሠራል፣ ለፀሐይ አይሠራም። ማጣሪያ የሚባል ነገርም የለም፤ የፀሐይ ጩኸት በሁሉም ሞገድ ላይ የተነጠፈ ስለሆነ ከምልክቱ ነጥሎ የሚያወጣው መሣሪያ አይኖርም። በሳተላይት የሚገናኙ የባንክ ቅርንጫፎችና ፕሮግራማቸውን ከሳተላይት የሚቀበሉ የኤፍኤም ማሰራጫዎችም በየራሳቸው ሳተላይት ሰዓት ይመታሉ። እነሱ የሚያደርጉት የአሥር ደቂቃ ሥራን ከዚያ ሰዓት ማራቅ ወይም በፋይበር መሻገር ነው።

ቀኑ ከመድረሱ በፊት መቁጠሪያ ላይ ምልክት ከማድረግ የበለጠ ነገር ግን ማግኘት ይቻላል። ፀሐይ ስታልፍ ዲሽዎን በነፃ ትለካልዎታለች። ጫጫታው የሚበረታው ፀሐይ ዲሹ ባነጣጠረበት አቅጣጫ መካከል ስትገባ ነው። ዲሹ በትክክል ሳተላይቱን የሚያይ ከሆነ መካከሉ 4፡51 ላይ ይውላል። ከተንጋደደ ግን ሰዓቱ ይንሸራተታል፤ ፀሐይ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትሄድ፣ መካከሉ 4፡55 ላይ ከዋለ ዲሹ 1 ዲግሪ ወደ ምዕራብ፣ 4፡47 ላይ ከዋለ 1 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ስቷል ማለት ነው። የከፋው ቀን ደግሞ የሰሜን ደቡቡን ይናገራል። በመስከረም ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምትወርድ ከመስቀል ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ የከፋ ከሆነ ዲሹ ወደ ሰሜን፣ ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ የከፋ ከሆነ ወደ ደቡብ አዘንብሏል። በመጋቢት ይህ ይገለበጣል።

አንድ ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለባለ 90 ሴንቲሜትር ዲሽ ግን አንድ ዲግሪ መሳት የምልክቱን ግማሽ ማጣት ነው። በጥቅምት ጥርት ያለ ሰማይ ስለማይታወቅ ማንም ልብ አይለውም፤ በነሐሴ የበረዶ ዝናብ ሲወርድ ግን የጎረቤት እየሠራ የእርስዎ ብቻ ይጠፋል። «ዲሻችን ዝናብ አይችልም» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ በዚህ አንድ ዲግሪ የተጎዱ ናቸው።

አመዘጋገቡ እንዲህ ነው። በኔትወርክ የተስተካከለ የስልክ ሰዓት ይያዙ። ከመስከረም 13 ጀምሮ፣ በመጋቢት ከ3 ጀምሮ፣ ከተባለው ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው የሪሲቨሩን የሲግናል ገጽ ይክፈቱ፤ ሥዕሉ ሳይሆን የኳሊቲው ቁጥር ነው የሚጠቅመው። መውረድ የጀመረበትን፣ ከሁሉ ይበልጥ ዝቅ ያለበትንና ወደ ነበረበት የተመለሰበትን ደቂቃ ይጻፉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አማካይ መካከሉ ነው። መካከሉ ከቀን ወደ ቀን በ20 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ያ የተለመደ ነው፣ የዲሽ ስህተት አይደለም። አምስት ስድስት ቀን ከመዘገቡ የትኛው ቀን ከሁሉ እንደከፋ ይታያል።

ማስተካከሉን ግን ፀሐይ በምታልፍበት ሰዓት ፈጽሞ አይሞክሩ። ኳሊቲው እየወረደ ያለው በፀሐይ ነው፤ እርስዎ ዲሹን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ፀሐይዋን እየሸሹ ሳተላይቱንም ይጥሉታል፤ ፀሐይ ስትሄድ ዲሹ ከነበረበት የባሰ ቦታ ላይ ይገኛል። ባለሙያ ተጠርቶ ከመጣ በኋላ «ጭራሽ ባሰበት» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ ይህ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ይሥሩ። ባለ 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ቦሎኖቹን ዲሹ በእጅ ሲገፉት ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርገው ያላሉ፤ ሙሉ በሙሉ አይፍቱ። በ90 ሴንቲሜትር ዲሽ ጠርዝ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 8 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው በጣት ጥፍር ስፋት እንጂ በስንዝር አይደለም። ከእያንዳንዱ ንቅናቄ በኋላ ሪሲቨሩ ቁጥሩን እስኪያድስ ሦስት አራት ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ጥሩውን ቦታ ያልፈዋል። ከፍተኛውን ሲያገኙ ቦሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ ካጠበቁት ዲሹ ይዞራል። የተጠበቀውን ዲሽ አቅጣጫም ያረጋግጡ፦ ከደብረ ብርሃን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከእውነተኛው ሰሜን 118 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ተኩል ከፍ ብሎ ነው፤ ናይልሳት 261 ዲግሪ ላይ፣ ከፍታው 35 ዲግሪ ተኩል። ኦፍሴት ዲሽ (ኤልኤንቢው ከመሃል ዝቅ ብሎ የሚታሰርበት) ከፊቱ ይልቅ ወደ ላይ ስለሚያይ ፊቱ ከዚህ ቁጥር ያነሰ ያዘነበለ ይመስላል፤ ያንን አይቶ «ዝቅ ብሏል» ብሎ ማቅናት የተለመደ ስህተት ነው። ኮምፓስ ከዲሹና ከቆርቆሮው ጣሪያ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ይነበብ፤ ብረት ያሳስተዋል።

ሁለተኛው ጥቅም አዲስ ቤት ለሚሠራ ወይም ዲሽ ለሚያዛውር ነው። በመስቀል ቀን 4፡51 ላይ ፀሐይ ያለችበት ቦታ የሳተላይቱ ቦታ ነው። ዲሽ ሊተክሉ ያሰቡበት ነጥብ ላይ በዚያ ደቂቃ ፀሐይ ካረፈ መንገዱ ክፍት ነው፤ የባሕር ዛፍ ወይም የፎቅ ጥላ ካረፈ ሳተላይቱም ከዚያው ጀርባ ነው። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ኮምፓስ ይታወቃል። ለናይልሳት 9፡47 ላይ ያንኑ ያድርጉ፤ እሱ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ይበልጥ የሚጋረደው እሱ ነው። ከምዕራብ በኩል 15 ሜትር ቁመት ያለው ፎቅ ቢነሣ ናይልሳትን ለማየት ከግድግዳው ቢያንስ 21 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ግን ያው ፎቅ በአቅጣጫው ቢቆም 7 ሜትር ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቅ እንደ እንጉዳይ እየበቀለ ስለሆነ ይህን ማስላት አይከፋም።

ከፀሐይ ጋር የሚምታቱ የአካባቢያችን ነገሮች ጥቂት ናቸው። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ሌሊቱ ቀዝቅዞ ረፋድ ላይ ይሞቃል፤ የርካሽ ኤልኤንቢ ውስጣዊ ፍሪኩዌንሲ በዚህ የሙቀት ልዩነት ይንሸራተታል፣ በተለይ ዝቅተኛ ሲምቦል ሬት ያላቸው ጠባብ ቻናሎች ንጋት ላይ አይከፈቱም፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይመለሳሉ። ይህ ለሳምንታት ይቆያል፣ የሚመታውም አንዳንድ ቻናልን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ በእርግጥም ኤልኤንቢ መቀየር ነው። ኮኔክተር ውስጥ ውሃ ሲገባ ከዝናብ በኋላ ለሰዓታት ይዘገያል። ኤልኤንቢ ሕያው መሆኑን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ፋይንደር (የሲግናል መለኪያ) አስገብቶ ዲሹን ወደ ባዶ ሰማይ አዙሮ የኤልኤንቢውን አፍ በመዳፍ መሸፈን ነው፤ መዳፍ 300 ኬልቪን ያህል ስለሚሞቅ መርፌው ከፍ ይላል። ካልተነሣ ኤልኤንቢው ወይም ኬብሉ ሞቷል። በመስቀል ሰሞን ባለሙያ ሲመጣ ይህን ፈተና ቢጠይቁት ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስድበት።

በነዚሁ ሳምንታት ሳተላይቱ ራሱም ሌላ ፈተና አለበት፣ እርስዎ ባያውቁትም። በእኩሌታው ዙሪያ ለስድስት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ በረዘመው ሌሊት ከ70 ደቂቃ ያላነሰ። ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ መካከሉ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የፀሐይ ሰሌዳው ስለሚጨልም በባትሪ ይሠራል፤ የዛሬ ሳተላይቶች ባትሪያቸው በቂ ስለሆነ ሥዕል አይቋረጥም። ስለዚህ በመስቀል ሰሞን ሌሊት ላይ ቢጠፋብዎ ምክንያቱን ከጣሪያዎ ላይ ይፈልጉ።

ቋሚ መስለው በሚታዩት ሳተላይቶች ቴሌቪዥን ማስተላለፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ሲንኮም 3 የተባለው ሳተላይት የቶኪዮ ኦሊምፒክን ከፓስፊክ ማዶ አሻገረ። የሸዋው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነበር።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ቀርቷል። ዝገት ለመሸፈን ዲሽን በሚያብረቀርቅ ቀለም የሚቀቡ አሉ። በሌላው ጊዜ ምንም አያደርግም፤ በእነዚህ ቀናት ግን ፀሐይ በዲሹ እይታ መካከል ስለምትቆም ዲሹ እንደ መስተዋት ሙቀቱን ሁሉ ኤልኤንቢው ፊት ላይ ይሰበስባል። 90 ሴንቲሜትር ዲሽ ላይ ረፋድ የሚያርፈው ከግማሽ ኪሎዋት በላይ ነው፤ የኤልኤንቢውን ፕላስቲክ ክዳን ለማቅለጥ ይበቃል፣ ከዚያ ውሃ ይገባና በሚቀጥለው ክረምት ይሞታል። ዲሽ ፋብሪካ ውስጥ ደብዘዝ ባለ ግራጫ የሚቀባው ብርሃኑን እንዲበትን ነው። የሚቀቡ ከሆነ ያንኑ ደብዛዛ ቀለም፣ በስሱ። በዚያች ሰዓትም ዓይንን ከኤልኤንቢው አጠገብ አድርጎ ወደ ዲሹ ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ጣሪያ ላይ እንዳይወጡ ይጠብቁ።